«ደርሰዋል» ይለኛል፣ የቆምኩት ግን አጥር ፊት ነው

(አራት ኪሎ አካባቢ ለተሰበሰቡ አነስተኛ ነጋዴዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በተናጋሪዋ የተስተካከለ)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ዘግቶ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁና ጊዜያችሁን አላባክንም። እኔም ዘግቼ ነው የመጣሁት። ከመውጣቴ በፊት ግን «ዛሬ ከ8 ሰዓት በኋላ ዝግ ነን» የሚለውን ጉግል ላይ ሞልቻለሁ። ለምን እንደሆነ ቆይታችሁ ትረዱታላችሁ።

ከአንድ የስልክ ጥሪ ልጀምር። ታኅሣሥ 2017 ነው። የጥር ሠርግ የሚቃረብበት፣ እኛ የጥሪ ካርድ የምናትም ሰዎች እንቅልፍ የምናጣበት ወር። አንድ አባት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የት ነው ያለሽው? ስልኬ ‹ደርሰዋል› ይለኛል፣ እኔ የቆምኩት ግን አጥር ፊት ነው» አሉኝ። ፒያሳ ነበሩ። እኔ ደግሞ ከፒያሳ ከተነሳሁ ዘጠኝ ወር ሆኖኛል።

አባቴ የከፈተው ማተሚያና ማኅተም መቅረጫ ቤት ነበር። መጋቢት 2016 ላይ የኮሪደር ልማቱ ሲደርስ ከጎረቤቶቼ ጋር ተነሳሁ፤ አሁን ያለሁት እዚሁ አራት ኪሎ ነው። ስነሳ ማሽኑን፣ ወረቀቱን፣ የአባቴን የፊደል ሳጥኖች ሁሉ ጭኜ መጣሁ። ደንበኞቼም ስልኬን ይዘዋል ብዬ ተጽናናሁ። የስልኩ ካርታ ላይ ቤቴ የት እንዳለ የሚያሳየው ምልክት፣ ፒኑ፣ ግን አብሮኝ አልተጫነም። እዚያው ቀረ።

እኚያን አባት በስልክ ልመራቸው ሞከርኩ። «ከጊዮርጊስ ወደዚህ ሲመጡ…» አልኩና ዝም አልኩ። የምጠቅስላቸው ነገር ጠፋኝ። ድሮ «ከኬክ ቤቱ ጎን፣ ሊስትሮዎቹ የሚቀመጡበት ጋ ገባ ይበሉ» ብል ይበቃ ነበር። ኬክ ቤቱም የለም፣ ሊስትሮዎቹም የሉም፣ ገባ የሚባልበት ቅያስም የለም። «እሺ ልጄ፣ ተመልሼ እደውላለሁ» አሉ። አልደወሉም። አምስት መቶ ካርድ ነበር ያዘዙት።

የዛን ዕለት ማታ ነው ስለ ካርታ ማሰብ የጀመርኩት።

እኛ አዲስ አበቤዎች በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ሰው ቤት ሄደን አናውቅም። የቤት ቁጥሩ ለወረዳ ጉዳይ ነው። እርስ በርስ የምንፈላለገው በምልክት ነው፦ ከዛፉ፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከቢጫው ሕንፃ፣ «ከድሮው» እንዲህ ጋ። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ሲነሳ ምልክቶቻችንም አብረው ተነሱ። አሁን ወጣቱ «የት ጋ ነው?» አይልም፤ «ሎኬሽን ላክልኝ» ነው የሚለው። ሎኬሽኑ የተሳሳተ ነጋዴ ታፔላውን ገልብጦ እንደሰቀለ ሰው ነው። ስለዚህ የዛሬው ወሬዬ ስለ ማስታወቂያ አይደለም። ሰውዬው በራችሁ ድረስ መጥቶ፣ ክፍት ሆናችሁ፣ የፈለገውን ነገር እንዲያገኝ ስለማድረግ ነው።

ቤታችሁ ጉግል ካርታና መፈለጊያ ላይ ከነአድራሻው፣ ከነሰዓቱና ከነስልኩ የሚታይበት ገጽ አለ፤ ስሙ ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ይባላል። በ2014 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ጉግል ማይ ቢዝነስ ነበር፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ስሙ ተቀየረ። ይህን የምነግራችሁ ለታሪክ አይደለም። ዩቲዩብ ላይ ገብታችሁ ትምህርት ብትፈልጉ ግማሹ ቪዲዮ «ይህን መተግበሪያ አውርዱ» ይላችኋል፤ መተግበሪያው ግን ከተዘጋ ቆይቷል። እኔ እሱን ስፈልግ አንድ ሙሉ ቀንና አንድ ጊጋ ዳታ ጨርሻለሁ። አሁን የሚሠራው በራሱ በጉግል ማፕ ወይም በጉግል መፈለጊያው በኩል ነው። በጂሜይላችሁ ገብታችሁ የራሳችሁን ቤት ስም ስትፈልጉ፣ ባለቤት መሆናችሁ የተረጋገጠ ከሆነ ማስተካከያው እዚያው ይመጣላችኋል።

ክፍያ የለውም። ምንም። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ ምክንያቱም እዚህ አዳራሽ ውስጥ የከፈለ ሰው እንዳለ ስገባ ሰምቻለሁ። ደክሞ የሚሞላላችሁን ልጅ የድካሙን ብትከፍሉት ነውር የለውም። «ለጉግል የሚገባ ክፍያ» ብሎ የሚጠይቃችሁን ግን ሸኙት። «ከጉግል ነው የምንደውለው፣ ስልክዎ ላይ የመጣውን ቁጥር ይንገሩን» የሚል ሰው ከደወለም ስልኩን ዝጉ። ያ ቁጥር የቤታችሁ ቁልፍ ነው።

«እኔ ቴሌግራም ላይ ቻናል አለኝ፣ ቲክቶክም አለኝ» የምትሉ አላችሁ፤ ራስ ስትነቀንቁ አየሁ። ጥሩ ነው፣ እኔም አለኝ። ግን ቻናላችሁን የሚከተለው ሰው ቀድሞ ያወቃችሁ ነው። አሁን ከሐኪም ቤት ወጥቶ፣ የመነጽር ማዘዣ በእጁ ይዞ፣ አራት ኪሎ አደባባይ ላይ ቆሞ «መነጽር ቤት» ብሎ የሚጽፈው ሰው የማንንም ቻናል አያውቅም። ለስብሰባ መጥቶ ካዛንቺስ ሆቴል ያረፈ እንግዳም፣ ከውጭ ለሠርግ የገባ ዘመዳችንም እንዲሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ፤ ከእሱ ብዙ ትማራላችሁ።

ፒያሳ ያለውን ፕሮፋይል የከፈተልኝ የእህቴ ልጅ ነበር። በራሱ ጂሜይል ከፈተው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ፎቶ አነሳ፣ ስልክ አስገባ፣ «አክስቴ፣ አለቀ» አለኝ። ከዓመት በኋላ ውጭ ሄደ። ስልክ ቀየረ፣ ፓስወርዱን ረሳ። እኔ ስነሳ አድራሻውን ልቀይር ብል የቤቴ ባለቤት እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው። እሱም መግባት አልቻለም። ስለዚህ ምን አደረግኩ? በብስጭት አዲስ ከፈትኩ። ያኔ ካርታው ላይ በአንድ ስም ሁለት ማተሚያ ቤት ሆነ፤ አንዱ አራት ኪሎ ያለ፣ ገና ምንም አስተያየት ያልተጻፈለት፣ ሌላው ፒያሳ የፈረሰ፣ ደንበኞች የሰጡት ብዙ ኮከብ ያለው። ሰው ማንን ይመርጣል? ኮከብ ያለውን። ኮከቡን ተከትሎ አጥር ፊት ይቆማል። እኚያ አባት ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ሌላ ነበር። ቤት ሲዛወር አዲስ አይከፈትም። የነበረው ላይ አድራሻው ይቀየራል፣ ፒኑ ይጎተታል፤ ጉግል እንደገና አረጋግጡ ሊል ይችላል፣ ታረጋግጣላችሁ፤ አስተያየቱም ፎቶውም አብሯችሁ ይዛወራል። «በቋሚነት ተዘግቷል» የሚለውንም አትንኩት፤ እሱ ለሚሞት ቤት እንጂ ለሚዛወር ቤት አይደለም። በሌላ ሰው ስም የተያዘ ከሆነ ደግሞ ፕሮፋይሉ ላይ ባለቤትነት የመጠየቂያ ቦታ አለ። ጥያቄው ለያዘው ሰው ይላክለታል፤ በተሰጡት ቀናት ውስጥ መልስ ካልሰጠ ራሳችሁ የምታረጋግጡበት ዕድል ሊከፈትላችሁ ይችላል። እኔ ይህን ያወቅኩት ሁለተኛውን ከከፈትኩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የመጀመሪያ ሥራችሁ ይህ ይሁን፦ የማን ጂሜይል ነው? የልጃችሁ ከሆነ፣ የሠራተኛችሁ ከሆነ፣ «የኮምፒውተር ልጅ» ከሆነ፣ ራሳችሁን ዋና ባለቤት አድርጉ፤ እሱን ሥራ አስኪያጅ አድርጋችሁ አስቀሩት። ፕሮፋይሉ ይህን ይፈቅዳል፦ ዋና ባለቤት፣ ባለቤት፣ ሥራ አስኪያጅ። ሥራ አስኪያጅ ሰዓት ይቀይራል፣ ፎቶ ይጨምራል፤ ቤታችሁን ግን ከናንተ ሊያስወጣ አይችልም። ፓስወርዱን ደግሞ ከንግድ ፈቃዱ ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጡት። ወረቀት ላይ። አዎ፣ እኔ የማተሚያ ቤት ሰው ነኝ፣ በወረቀት አምናለሁ።

ቀጥሎ ፒኑ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ፒን ስታስቀምጡ ብዙዎቻችሁ የሳተላይቱን ፎቶ ከፍታችሁ ጣሪያችሁን ትፈልጋላችሁ። ፎቶው የዛሬ አይደለም። የኔ አሮጌ ቤት ጣሪያ ከፈረሰ በኋላም እዚያ ላይ ይታይ ነበር፤ አንድ ጎረቤቴ እንደውም በሌለ ሕንፃ ላይ ፒን ተክሎ ነበር። የተሻለው፣ በራችሁ ደጅ ቆማችሁ፣ ያላችሁበትን የምታሳየዋ ሰማያዊ ነጥብ ካርታው ላይ የት እንዳለች ማየት ነው። ሕንፃ ውስጥ ሆናችሁ አይደለም፤ ውስጥ ስትሆኑ ነጥቧ ትዋልላለች። መንገድ ድረስ ውጡ፣ እስክትረጋጋ ጠብቁ፣ ከዚያ ፒኑን በሩ ላይ አሳርፉ። ጣሪያው መሐል አይሁን። ካርታው መኪናን የሚመራው ለፒኑ ቅርብ ወደሆነው መንገድ ነው። ግቢያችሁ ሰፊ ከሆነና ፒኑ ወደ ጓሮ ካዘነበለ ታክሲው ደንበኛችሁን በኋላ በኩል፣ በር በሌለው አጥር ያወርድላችኋል። ሰውዬው ደግሞ ካርታውን አይወቅስም። እናንተን ነው የሚወቅሰው።

ሕንፃ ላይ ያላችሁ ሌላም ችግር አለባችሁ። ካርታ ፎቅ አያውቅም። አንድ ሕንፃ ላይ አርባ ሱቅ ካለ አርባ ፒን እላይ በላይ ይደራረባል። ስለዚህ በአድራሻው ሁለተኛ መስመር ላይ የሕንፃውን ስም፣ ፎቁን፣ የቢሮ ቁጥሩን ጻፉ። «ፊት ለፊት»፣ «ገባ ብሎ» የሚለውንም አትናቁት፤ በመግለጫው ውስጥ ይጻፍ። መግለጫው እስከ 750 ፊደል ይይዛል፤ አብዛኛው ሰው ይህንን ቦታ «በጥራትና በታማኝነት እናገለግላለን» በሚል ያባክነዋል። እኔ የጻፍኩት የትኛው በር እንደሚከፈት፣ መኪና የት እንደሚቆም፣ ቴሌብር እንደምንቀበልና የማኅተም ትዕዛዝ ሲመጣ ምን ወረቀት መያዝ እንዳለበት ነው። ጥራታችንን ሲመጡ ያዩታል።

ፕላስ ኮድ የሚባል ነገርም አለ፤ ካርታው ላይ ቦታውን ስትነኩ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ መሐሉ የመደመር ምልክት ያለበት አጭር ጽሑፍ ይታያችኋል። በግምት 14 ሜትር በ14 ሜትር የሆነችን ቁራሽ መሬት የሚጠቁም አድራሻ ነው። የመንገድ ስም ለሌለው ሰፈር የተሠራ ይመስላል። ኢንተርኔት ለሌለው ደንበኛ በተራ መልእክት ልትልኩት ትችላላችሁ፤ እሱ በኋላ ካርታው ላይ ይጽፈዋል። እኔ የሠርግ ካርዶች ጀርባ ላይ የአዳራሹን ፕላስ ኮድ ማተም ጀምሬአለሁ። መጀመሪያ ሙሽሮቹ ሳቁብኝ፤ አሁን ራሳቸው ይጠይቃሉ።

ማረጋገጫውን ቶሎ ልለፈው። ድሮ በፖስታ ካርድ ይልኩ ነበር ይባላል፤ ለኛ ፖስተኛ በር አንኳኩቶ አያውቅም፣ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ደግሞ እንደ ሱቅ አድራሻ አይቀበሉም። አሁን በአብዛኛው የሚጠይቁት ቪዲዮ ነው። ሳይቋረጥ በአንድ ጊዜ የተቀረጸ፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ። ሦስት ነገር ይታይበት፦ ቦታው፣ ሥራው፣ የእናንተ ባለቤትነት። እኔ መንገዱንና ጎረቤት ሕንፃውን እያሳየሁ ጀመርኩ፣ ታፔላዬን አሳየሁ፣ በሩን በቁልፌ ከፈትኩ፣ ማሽኖቹን፣ ከዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ንግድ ፈቃድ። የደንበኛ ፊትና የባንክ ወረቀት አይግባበት። አንድ ምክር፦ ፈቃዳችሁ ላይ ያለው ስም የእናንተ፣ ታፔላው ላይ ያለው ሌላ ከሆነ፣ የንግድ ስሙ የሚታይበትን ወረቀት አብራችሁ አሳዩ። ኔትወርክ ቀጥ ባለበት ሰዓት ላኩት፤ እኔ ሦስት ጊዜ ግማሽ ላይ ተቋርጦብኛል፤ በመጨረሻ ሌሊት ተነስቼ ላክሁት።

አሁን ወደ ሰዓት እንምጣ።

ካዛንቺስ አካባቢ ጁስ ቤት ያለው አንድ ወዳጅ አለኝ። ጠዋት 1 ሰዓት ይከፍታል፣ ማታ 3 ሰዓት ይዘጋል። ቅጹን ሲሞላ የመክፈቻውን «1 ኤኤም»፣ የመዝጊያውን «3 ፒኤም» ብሎ ሞላ። ጠዋት ነው፣ ኤኤም። ማታ ነው፣ ፒኤም። ከኛ አቆጣጠር አንጻር ምን አጠፋ? ጉግል ያነበበው ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተከፍቶ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚዘጋ ጁስ ቤት ነው። ሰው ከሥራ የሚወጣበት፣ ጁሱ የሚጧጧፍበት ሰዓት ሲደርስ ካርታው በቀይ «ዝግ ነው» ይላል። ወዳጄ ለወራት «ማታ ማታ ገበያው ምነው ቀዘቀዘ» እያለ ኑሮ ውድነቱን ሲያማ ከረመ። ኑሮ ውድነቱ ለብዙ ነገር ተጠያቂ ነው፤ ለዚህ ግን አልነበረም።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ በኛ ሰዓት ላይ ስድስት ደምሩ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል የሚከፍት 8፡30 ኤኤም ይላል። ማታ 1 ሰዓት የሚዘጋ 7 ፒኤም። ከሰዓት 8 ሰዓት ሲሆን 14 ይመጣል፤ 12 ቀንሱለት፣ 2 ፒኤም ነው። መደመር የማይወድ ሰው የስልኩን ሰዓት በፈረንጅ አድርጎ፣ በሩን ሲከፍት አንድ ጊዜ፣ ሲዘጋ አንድ ጊዜ አይቶ ይጻፈው።

በዓላትም እንዲሁ። ልዩ ሰዓት የሚባል ቦታ አለ፤ ቀኑ በፈረንጅ ነው የሚሞላው። እንቁጣጣሽ መስከረም 1 በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ግን 12 ነው። ገና ጃንዋሪ 7። ጥምቀት ጃንዋሪ 19፣ አንዳንዴ 20። እኛ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ያለን ሰዎች ከበዓሉ ይልቅ ዋዜማው ነው የሚያስቸግረን፤ ከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ መንገዱ ይዘጋል፣ እኛ ክፍት ብንሆንም ማንም አይደርስብንም። እኔ ያን ዕለት «እስከ 6 ሰዓት ብቻ» እላለሁ። ስታዲየምና መስቀል አደባባይ አካባቢ ያላችሁ የደመራ ዕለትን አስቡበት። ምግብ ቤት ያላችሁ ደግሞ ሁዳዴ ሲገባ የጾም ምግብ ፎቶ ከላይ አድርጉ፤ በጾም መሐል ጥብስ የሚያሳይ ገጽ አይቶ ሌላ ቤት የሚሄድ ሰው ብዙ ነው።

ስም ላይ ደግሞ አትራቀቁ። ታፔላው ላይ ያለው ስም ይጻፍ፣ አለቀ። «እገሌ ምርጥ ርካሽ ፀጉር ቤት ፒያሳ አራት ኪሎ» ብሎ የሚያስረዝም አለ፤ ደንቡ ይከለክላል፣ ፕሮፋይሉም ሊታገድ ይችላል። የታገደን ለማስመለስ መከራ ነው።

ፀጉር ካልኩ አይቀር፦ እናንተ «ጸ» ጻፋችሁ፣ ደንበኛው «ፀ» ጻፈ። «ሠርግ» እና «ሰርግ»፣ «ዓይን» እና «አይን»። ከዚያ ደግሞ ብዙው ሰው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፈው፤ «ፒያሳ»ን ብቻ ስንት ዓይነት አድርገው እንደሚጽፉት አይቻለሁ። ይህን ሁሉ ስሙ ውስጥ አታጭቁ። ስሙ አንድ ይሁን፤ የአገልግሎት ዝርዝሩ ላይ ግን የምትሠሩትን ሰው በሚጠራው ቃል ጻፉ። ደንበኛዬ «የሠርግ ጥሪ ካርድ» ይላል እንጂ «የኅትመት አገልግሎት» አይልም። ምድብ ስትመርጡም ዋናው አንድ ብቻ ነው፣ ተጨማሪ እስከ ዘጠኝ ይፈቀዳል። ዋናው ገንዘብ የምታገኙበት ይሁን። የኔ ዋና ምድብ ማተሚያ ነው፤ ማኅተም በተጨማሪነት ገባ።

«ከላይ እንዴት ልውጣ?» የሚለውን ጥያቄ ሁሉም ይጠይቃል። ጉግል ራሱ የሚለው ሦስት ነገር ነው፦ ከተፈለገው ነገር ጋር መስማማት፣ ርቀት፣ ታዋቂነት። ርቀቱን ምንም አታደርጉትም፤ መገናኛ ቆሞ «ማተሚያ» የሚል ሰው እኔን ላያየኝ ይችላል፣ ግድ የለም፣ እዚያም ማተሚያ አለ። ከፍሎ ደረጃ መግዛትም የለም፤ ማስታወቂያ ሌላ ነገር ነው፣ «ማስታወቂያ» ተብሎ ተጽፎበት ነው የሚወጣው። ደግሞ ራሳችሁን በራሳችሁ ስልክ ፈልጋችሁ «አንደኛ ነኝ» ብላችሁ አትኩራሩ። ሱቃችሁ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ስትፈልጉ ርቀታችሁ ዜሮ ነው! የጎረቤት ስልክ ተውሳችሁ፣ ሁለት ታክሲ ማቆሚያ ያህል ራቅ ብላችሁ ሞክሩ።

አስተያየት። እዚህ ላይ ሌላ ጥፋት አለብኝ።

አንድ ማታ ስልኬን ስከፍት አንድ ኮከብ ተሰጥቶኛል። ቃል የለውም። ስሙን አላውቀውም፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የቅጽል ስም ነው። ደም ፍላቴ ተነሳ፤ «እርስዎን አናውቅዎትም፣ ደንበኛችን አይደሉም» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ሠራተኛዬ ስሙን አይታ ሳቀች። ሙሽራው ነው። ካርዱ ላይ ጥር 8 በማለት ፈንታ ጥር 18 ብለን ያተምንበት ሙሽራ። በነፃ ደግመን አትመንለታል፣ ግን አራት ቀን ዘግይተን፤ ካርዱን ያደለው በሩጫ ነው። መልሴን አጠፋሁትና «ጥፋቱ የኛ ነበር፤ ዛሬ ማንኛውም ቀን ከመታተሙ በፊት ባለቤቱ ፈርሞ ነው የሚያልፈው» ብዬ ጻፍኩ። ኮከቡን አልቀየረም። መብቱ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የመጡ ሁለት ሰዎች «ያቺን መልስ አይተን ነው» ብለውኛል።

መጥፎ አስተያየት ማጥፋት አይቻልም። ደንብ የጣሰ ከሆነ፣ ስድብ ወይም ውሸተኛ ገጽ ከሆነ ትጠቁማላችሁ፣ እነሱ ይመረምራሉ። ስላልወደዳችሁት ብቻ ግን አይነሳም። አምስት ኮከብ ለሰጠ ሻይ መጋበዝ፣ ቅናሽ ማድረግም ክልክል ነው። ቤተሰብን አሰልፎ ኮከብ ማስሰጠትም ያው ነው፤ ውጭ ያሉት ዘመዶቻችሁ በአንድ ሌሊት ሃያ ኮከብ ቢያዘንቡ ሊነሳባችሁ ይችላል። ያለው መንገድ መጠየቅ ነው። የኛ ሰው እጅ ነስቶ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል፤ መጻፍ አይመጣለትም። ፕሮፋይሉ የሚሰጣችሁን ኪው አር ኮድ በትንሽ ካርድ አትማችሁ ዕቃ ስታስረክቡ «ጊዜ ካለዎት ያዩትን ይጻፉልን» በሉ። «ያዩትን» ነው ያልኩት፤ «ጥሩ» አላልኩም።

እትዬ ከወደኋላ እጃቸውን አንስተው ጠየቁኝ፦ «እኔ ቤቴ ውስጥ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ነው የማደርሰው። ቤቴን ለዓለም ሁሉ ላሳይ ነው?» አያሳዩም፣ እትዬ። ለደንበኛ ቤት ድረስ ለሚሄድ ሥራ፣ ለእርስዎም፣ ለቧንቧ ሠራተኛውም፣ ሙሽራ ቤቷ ሄዳ ለምትኩል ልጅም፣ አድራሻውን ደብቆ የሚያገለግሉበትን ሰፈር ብቻ ማሳየት ይቻላል። እስከ 20 ቦታ መጥቀስ ይፈቀዳል። ክልሉ ከመነሻዎ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ከሚያስኬድ በላይ እንዳይርቅ ይላል ደንቡ፤ በአዲስ አበባ ትራፊክ ሁለት ሰዓት የት እንደሚያደርስ እርስዎም ያውቃሉ። ደንበኛን በአካል ጨርሶ የማያገኝ፣ በኢንተርኔት ብቻ የሚሸጥ ግን ይህ መንገድ አይፈቀድለትም።

ስለ ፎቶ ብዙ አልልም። ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ፣ ቀን፣ ታፔላው ከነአካባቢው እንዲታይ አንሱት። ሰው በዓይኑ የሚፈልገው እሱን ነው። ስልክ ቁጥር ስታስገቡ ከ+251 በኋላ ዜሮዋን ጣሏት። በየወሩ አንድ ቀን ደግሞ ገጹን ክፈቱት፤ ማንኛውም ሰው «ሰዓቱ ተሳስቷል»፣ «ተዘግቷል» ብሎ ማስተካከያ ማቅረብ ይችላል፣ ጉግልም አንዳንዴ ይቀበለዋል። ክፋት ላይሆን ይችላል። በዓል ቀን መጥቶ ዝግ ያገኛችሁ ሰው ሊሆን ይችላል።

የፒያሳው የድሮ ገጼ ምን ሆነ ብሎ አንድ ወንድማችን ጠይቆኛል። «በቋሚነት ተዘግቷል» ተብሎበታል፤ ጥያቄውን ያቀረብኩት እኔው ነኝ። ሰው እንዳይሄድበት። ገጹን ግን አልፎ አልፎ እከፍተዋለሁ። ከፎቶዎቹ መሐል የአንድ ደንበኛ አለ፤ ቅጠልያ ቀለም የተቀባው የብረት በር፣ አባቴ በእጁ የጻፈው ታፔላ፣ ከሥሩ ሊስትሮው። እኛ ቤተሰቡ ያን በር አንድም ቀን ፎቶ አላነሳነውም። እሱን አውርጄ በትልቁ አትሜ ሰቅዬዋለሁ። ማየት የምትፈልጉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሊፍቱ ሲወጡ በስተግራ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ 12 ሰዓት፣ ቅዳሜ እስከ 8።